የዳታ ሳይንስ ዓመት በጅግጅጋ፦ ከመስከረም እስከ ከረን



የተሰጠኝ ርእስ የትምህርት ክፍላችን የአንድ ዓመት ሥራ ነው። የኮርሶችንና የሴሚናሮችን ብዛት ዓመታዊው ሪፖርት ስለሚዘረዝር እኔ አልደግመውም። በምትኩ አንድ ሐሳብ ይዤ ቀርቤአለሁ፦ በጅግጅጋ የሚሰጥ የዳታ ሳይንስ ትምህርት ቁጥርን ከመተንተን በፊት «ማን ተቆጠረ? መቼ? በየትኛው አቆጣጠር? በምን ስም?» ብሎ መጠየቅን ካላስተማረ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስልት ሁሉ በአሸዋ ላይ የቆመ ነው። ሐሳቡን በዓመቱ ቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

አዲስ ተማሪዎችን የምንቀበለው በሕዝብና ቤት ቆጠራ ሠንጠረዥ ነው። ሦስተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ግን በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሁለቱም ወራት በ2007 ውስጥ ይወድቃሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ግን መስከረም በመካከላቸው ገብቶ አንዱን ቆጠራ ለሁለት ዓመት ከፍሎታል። ከጎርጎርዮሳዊው ዓመት በጅምላ ስምንት የሚቀንስ ተማሪ የክልላችንን ቆጠራ ባልተካሄደበት ዓመት ያስቀምጠዋል። በዚህ ላይ የሂጅራ አቆጣጠር አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ትዝታ አለ። «የተወለድኩት በደበዴር ጊዜ ነው» የሚል አዛውንት ስለ 1967 ዓ.ም. አካባቢ ስለነበረው ድርቅ እየነገረን ነው። ስያሜው «ረጅም ጭራ» ማለት ነው፤ ድርቁ ሳያባራ መጎተቱን ያስታውሳል። በመጠይቁ ላይ «ዕድሜ» የሚለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው ቆጣሪ ይህን ትዝታ ወደ ቁጥር ይመነዝረዋል፤ ምንዛሬው ግን የትም አይመዘገብም።

ቀጥለን ወደ ድምሩ እንሄዳለን። በዚያ ቆጠራ የሶማሌ ክልል ሕዝብ 4,445,219 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ 2,472,490 ወንዶች፣ 1,972,729 ሴቶች ናቸው። ለ100 ሴቶች 125 ወንዶች ማለት ነው። በጅግጅጋ ከተማ 67,128 ወንዶችና 58,748 ሴቶች ተመዝግበዋል፤ እዚህ ሚዛኑ ወደ 114 ይወርዳል። በአንድ ሙሉ ክልል ሕዝብ ላይ ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት ሲታይ መጠየቅ ግድ ነው። ተማሪዎች መላምት ያቀርባሉ፦ ጥያቄውን የመለሰው የቤቱ አባወራ ይሆን? ሴቶቹ ከመንጋው ጋር ርቀው ነበር? ወንዶች ለሥራ ወይም ለአገልግሎት ከሌላ ቦታ መጥተው ነበር? ለእያንዳንዱ መላምት ምን ዓይነት ተጨማሪ መረጃ እንደሚያስፈልግ ይጽፋሉ። ይህ ልምምድ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደለም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ የሕዝብ ቁጥር ትንበያዎች መነሻቸው ያው የ1999 ቆጠራ ነው። ያኔ ያልተቆጠረች ሴት ብትኖር፣ ዛሬም በአዋላጅ ነርስ ምደባና በክትባት ዕቅድ ውስጥ አልተቆጠረችም።

ታኅሣሥ አልፎ ጂላል፣ ማለትም ደረቁ ወቅት፣ ሲገባ ትምህርቱ ወደ ሳተላይት ምስል ይሻገራል። በዕፅዋት ልምላሜ መለኪያ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 በቦረና ተጀምሮ፣ ከ2018 ወዲህ በሶማሌ ክልልም ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የወቅቱ ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ጋር ይነጻጸራል፤ ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ ክፍያ ይፈጸማል። የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። ነገር ግን ሳተላይቱ አረንጓዴነትን እንጂ ግጦሽን አያይም። በሲቲ ዞን የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ሣሩ በደረቀበት ወራት እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ምስሉ ላይ ልምላሜ፣ መሬት ላይ ግን የእሾህ ጥሻ ነው። ከደቡብ ዞኖች የተወሰደ የወቅት አከፋፈልም ለሰሜኑ አይበጅም። በደቡብ ዋነኞቹ ዝናቦች ጉ እና ደይር ናቸው፤ በሲቲና በሰሜናዊው ፋፈን ግን ዲራ እና ከረን ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ዞኖች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ጊዜ የወቅት መረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁላችንም አይተናል። ለመድን ውሉ የወቅቱን መጀመሪያና መጨረሻ የሚወስን ባለሙያ፣ ማን ካሳ እንደሚያገኝ እየወሰነ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ የምንሠራው በስሞች ላይ ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ አንድ ሰው በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል። የሶማሊኛ የላቲን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1972 በሶማሊያ ሲደነገግ «ሲ» የተባለው ሆሄ ለዐይን ድምፅ፣ «ኤክስ» ደግሞ ለጉሮሮው ሐ ተሰጡ። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ «ዐሊ» የሚለውን ስም «ካሊ» ብሎ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው ሳውንዴክስ ስሞችን በድምፅ የሚያቀራርብ ዝነኛ ስልት ቢሆንም የተቀረጸው ለእንግሊዝኛ ጆሮ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል አንድ ያልተጠቀምንበት ሀብት አለው። አማርኛ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም አንና ዐን በድምፅ አይለይም። ስለዚህ በአማርኛ የጽሑፍ ማቀናበር ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሆሄያት ወደ አንድ መጠቅለል ነው። ሶማሊኛ ግን ሐውትንና ዐይንን ዛሬም በጉሮሮ ይናገራቸዋል። በአማርኛ አንደበት ከተዋጡ የቆዩት ሆሄያት በጅግጅጋ ገበያ ሕያው ድምፅ አላቸው ማለት ነው። በጭፍን ስንጠቀልላቸው «ሐሰን» እና «ዐሊ» የያዙትን መለያ እንሰርዛለን። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ደንብ አጭር ነው፦ ለፍለጋ ጠቅልሉ፤ ለማስቀመጥ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው አኑሩ። የአያትንም ስም አትተዉ፤ በመሐመድና በአሕመድ በተሞላ መዝገብ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለየው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ሰኔ የፈተናና የምረቃ ወር ነው። ከዚያም ግቢው ለክረምት ይዘጋል፤ የሰሜኑ አርብቶ አደር ከረንን የሚጠብቀው ደግሞ ልክ ከሐምሌ ጀምሮ ነው። የእኛ ዓመት ሲዘጋ የእርሱ ዓመት ወሳኝ ወቅት ይከፈታል። የተማሪዎች የመስክ ልምምድ በትምህርት ወራት ብቻ ከተወሰነ፣ በእጃችን የሚከማቸው መረጃ ከረንን የማያውቅ ይሆናል። ከዓመት እስከ ዓመት የሚደጋገም ክፍተት ደግሞ በትንተና አይሞላም።

ስለዚህ ለክፍላችን ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመስክ ልምምዱ ቢያንስ አንዱ ዙር በነሐሴ ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የመረጃ ስብስብ ከቁጥሩ ጎን የተሰበሰበበትን ወቅት፣ የቀን አቆጣጠሩን፣ የጠያቂውንና የመላሹን ቋንቋ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሶማሊኛ ንግግር ወደ ተቆጠሩት ሰዎች ይመለስ፤ ስሕተትን ከእነርሱ ፈጥኖ የሚያይ የለምና።

ውድ ተማሪዎች፣ የምትማሩት ስልት በሌላ አገር ከሚሰጠው አያንስም። በሌላ አገር የማይገኘው፣ ሦስት የቀን አቆጣጠርና ሁለት ፊደል በአንድ መዝገብ ላይ የሚገናኙበት ይህ ቦታ ነው። ይህን መዝገብ በአግባቡ ማንበብ ከእናንተ ይጠበቃል።