ሰርዶ እምቢ ባለበት ጥላ ቄጤማ እንትከል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ከጋራ አጥራችን ሥር ያለችው ጠባብ ቦታ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ትሆናለች። ሲሚንቶ ይፍሰስባት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሲሚንቶ ውሃውን አያጠፋውም፤ ወደ ታችኞቹ ጎረቤቶች ይገፋዋል እንጂ። ቤታቸው ሲገባ በባልዲ እየቀዱ የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ሰርዶ ይተከል የሚሉም አሉ። ሰርዶ እኮ ፀሐይ ወዳድ ነው፤ ግንብና ዛፍ ሲጋርደው እየሳሳ ሄዶ ባዶ አፈር ይቀራል። ቄጤማ ግን እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከፊል ጥላን ይችላል፤ ሥሩም አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። ሣር ቢመስልም ሣር አይደለም። የአብዛኛውን ቄጤማ አገዳ በጣት ቢያንከባልሉት ሦስት ጠርዝ አለው፤ የሣር አገዳ ድቡልቡልና አንጓ ያለው ነው።

የቱን እንትከል? በጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚሁ ወገን ነው፤ ነገር ግን ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ስለሚያድግ ለእኛ ቦታ አይሆንም። ከመሬት በታች እንደ ፍሬ ያለ ድቡልቡል ሥር እያፈራ የሚዛመተውንም አደራ እንዳታመጡ፤ ጎመን መደብ ከገባ መንቀል አይቻልም። የሚሻለው አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። ጉቶውን ቆፍሮ ማውጣት፣ እያንዳንዱ ክፋይ ሥርና ሦስት አራት ቡቃያ እንዲኖረው አድርጎ መለያየት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል። ጉቶ ያላገኘ ደግሞ ከጃንጥላው ሥር አንድ ጣት ያህል አገዳ አስቀርቶ ይቁረጥ፤ ቅጠሎቹን በግማሽ ይከርክምና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አናቱን ቁልቁል ይዝቀዝቀው። በጥቂት ሳምንት ከመሐሉ ሥርና ቡቃያ ያወጣል። ተገልብጦ የሚበቅል ተክል አለ እንዴ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ልጆቻችሁን አስይዙና እዩት።

በበጋ አፈሩ እንዳይደርቅ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በረኪና ያለበት እጣቢ ግን አይደፋበት። ውሃ ታቁሮ ትንኝ እንዳይፈለፈልም ጉድጓድ ጉድጓዱ በአፈር ይሞላ።

ሌላም ጥቅም አለው። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ ከገበያ ስንገዛ ከየት እንደታጨደ አናውቅም፤ የአዲስ አበባ ወንዞች ደግሞ ምን እንደሚሸከሙ ሁላችንም እናያለን። የራሳችን ሲሆን ንጽሕናውን እናውቃለን። አጨዳው ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቆረጥ፤ ለበዓል ተብሎ ከተላጨ ቦታው መልሶ ጭቃ ይሆናል።

ጉቶ የሚያካፍሉ ጎረቤቶች አሉን። በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ዶማና ጆንያ ያላችሁ ይዛችሁ ከአጥሩ ሥር እንገናኝ። የሲሚንቶው ጉዳይ እስከዚያ ይቆይልን።