ገበሬ እርከንን የሚጠብቅበት ምክንያት



ስለ ዐፈር ጥበቃ በትምህርት ቤት ሲነገር፥ ገበሬው መሬቱን የሚያራቁተው ባለማወቁ ነው ተብሎ ይጀመራል። ቀጥሎም ምክር ይሰጠዋል፤ ምክሩን ባይቀበል እልከኛ ይባላል። ነገር ግን ጎርፍ የማሳውን ዐፈር ጠርጎ ሲወስድ ከማንም አስቀድሞ የሚያየው ገበሬው ራሱ ነው። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው፥ እያወቀ እርከን እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ነው።

በኬንያ የማቻኮስ አውራጃ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ምድሩ በጎርፍ እጅግ ስለ ተቦረቦረ፥ የቅኝ ገዥው መንግሥት የካምባን ሕዝብ ከብት በግዴታ ለማስቀነስ ተነሣ። በ1938 ሕዝቡ በሙኢንዲ ምቢንጉ መሪነት እስከ ናይሮቢ ሄዶ አቤት ቢል፥ መንግሥት ግዴታውን ተወ። ከዚያም እርከን በትእዛዝ ይሠራ ጀመር፤ በ1963 ነፃነት መጥቶ ትእዛዙ ሲቀር ግን ሥራው ላላ። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ያው ገበሬ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ፥ ማንም ሳያዘው መቈፈር ጀመረ። የመረጠውም «ፋንያ ጁ» የሚባለውን ሥራ ነው፤ ይህም ተዳፋቱን አግድም ቦይ ቈፍሮ ዐፈሩን ወደ ላይ መጣል ሲሆን፥ ማሳው ከዓመት ወደ ዓመት እየተደላደለ ደረጃ ይሆናል። ቡና በእርከን ላይ ይተከል ነበር፤ አትክልቱና ፍራፍሬውም የናይሮቢን ገበያ አገኘ። ማሳው የርሱና የልጆቹ መሆኑንም አልተጠራጠረም። በ1994 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከ1930ዎቹ እስከ 1990 የሕዝቡ ቍጥር ከአምስት እጥፍ በላይ ሲጨምር፥ መሬቱ ከቀድሞው ይልቅ ተጠብቆ ተገኝቷል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ተቃራኒው ታይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደረሰው ረኀብ በኋላ፥ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በስንዴና በዘይት ክፍያ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ተራሮችም ተከልለው ዛፍ ተተከለባቸው። (ስንዴው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ የተራበን አብልቷል።) ይሁን እንጂ በ1982 ዓ.ም. የኤኮኖሚው መመሪያ ተለውጦ የማኅበራቱ ሥልጣን ሲላላ፥ በብዙ ስፍራ እርከኑ ታረሰ፥ ዛፉም ተቈረጠ። መሬት በየጊዜው እንደ ገና ይከፋፈል ስለ ነበር፥ ዛሬ ድንጋይ የሚክበው ሰው ነገ በዚያው ማሳ ላይ የሚያጭደው እርሱ ስለ መሆኑ ዋስትና አልነበረውም። የዛፉም ባለቤት ማን እንደ ሆነ አልተነገረውም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፥ ኋላም በሌሎች ክልሎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፥ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች እርከናቸውን በተሻለ እንደሚጠግኑ ጥናቶች አሳይተዋል።

የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የድንጋይ እርከኑን ሲጠግን የኖረው ግን ደብተር ተሰጥቶት አይደለም፤ ማሳው ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ያውቃል፤ እርከኑ ከፈረሰም በዚያ ገደል ላይ ማሽላ አይበቅልም። በ2003 ዓ.ም. ምድሩ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ደግሞም ዋስትና ብቻውን አይበቃም። ገበሬው እርከንን የሚነቅፍበት ምክንያት ሲደመጥ ቁም ነገር አለው። እርከኑ መሬት ይበላል፤ አይጥ ይራባበታል፤ ጠባብ ማሳ ላይ በሬ ማዞር ያስቸግራል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋም ውሃ ያቍራል። የድካሙ ዋጋ ዘንድሮ ይከፈላል፤ የዐፈሩ ጥቅም ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም። እንግዲህ በእርከኑ ጫፍ ላይ ለከብት የሚታጨድ ዝሆኔ ሳር ወይም ለገበያ የሚውል ጌሾ ቢተከል፥ ያ የተበላው መሬት በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ መክፈል ይጀምራል። ከብዙ ስብከት ይልቅ የጎረቤት የሳር ነዶ ገበሬውን ያሳምነዋል።

ወደ ገጠር የሚላከው ወጣት መምህር ይህን ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ተማሪው «እርከን ጠቃሚ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ አጥንቶ ቤቱ ሲገባ፥ አባቱ «ስንት መሬት ይበላል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁም መልስ ያጣል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ስፋት ያለው እርከን ቢሠራ ከማሳው አንድ ዐሥረኛው ይሄዳል፤ ይህን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማስላት ይቻላል። ቀጥሎም ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ እርሻ በእርከኑ ላይ የበቀለውን ሳር አጭደው ይመዝኑ፤ የሰፈሩን የሳር ዋጋ ጠይቀው ያባዙ፤ ከታጣው እህል ዋጋም ጋር ያነጻጽሩ። ሳሩ ሳይበቃ ቢቀር፥ ልጁ ያንኑ ለአባቱ ይንገረው።