አዲስ ለተወለደ ጥጃ ስለሚገባው ወተት የተደረገ ንግግር



ባለቤቱ «ቤት ለእምቦሳ» ሲል እንግዳው «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመርቃል። ነገር ግን እምቦሳን ማሰር ብቻ አይበቃም፤ ከመታሰሩ በፊት ምን ያህል እንደ ጠባ ማወቅም ያሻል።

ላም እንደ ወለደች የምትሰጠው ወፍራምና ብጫ ወተት እንገር ይባላል። የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ከእናቱ ደም ይወስዳል፤ ጥጃ ግን ይህ ዕድል ስለሌለው የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ይህን ኃይል ወደ ደሙ ማሳለፍ የሚችለው ለ24 ሰዓት ያህል ሲሆን፥ ችሎታው ከሰዓት ወደ ሰዓት እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ጠግቦ መጥባት አለበት። እስከ 12 ሰዓት ድረስም የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ ሊያገኝ ይገባል፤ ይኸውም 20 ኪሎ ለሚመዝን የአገር ጥጃ 2 ሊትር፥ ከኢጣሊያኖች ዘመን ጀምሮ በአሥመራ ዙሪያ ለሚታወቀው የፍሪዝያን ዘር ጥጃ፥ 40 ኪሎ የመዘነ እንደ ሆነ፥ 4 ሊትር ነው። ጥጃው ሳይጠግብ እንገሩን አብስሎ መብላት፥ ምንም እንኳ ቢጣፍጥ፥ ብርቱ ጉዳት ያመጣል።

ከእናቱ ሥር የቆመ ጥጃ ሁሉ ጠብቷል ማለት አይደለም። የጠገበ ጥጃ ጎኑ ሞልቶ ይተኛል፤ የጠባው ጡትም ርሶ ይታያል። የተራበው ከጡት ወደ ጡት እየተዘዋወረ ግቱን ያለ ዕረፍት ይጎሽማል። ጎኑ ከሰረጎደ፥ አፉ ከቀዘቀዘ፥ የአንገቱም ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ አደጋው ቀርቧል። መጥባት ያቃተው እንደ ሆነ እንገሩ ታልቦ ሳይቀዘቅዝ በጡጦ ይሰጠዋል። አፉን ከፍቶ ማንቆርቆር ግን ወተቱን ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላልና ክልክል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የገበያው ነገር ነው። ጥጃው ጎሽሞ ወተቱን ካስወረደ በኋላ ወዲያው ይታሰራል፤ አላቢውም አራቱን ጡት አሟጦ ያልብና ለጥጃው አረፋ ያተርፍለታል። የአገር ላም ደግሞ ጥጃዋ የሞተ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ወተቷን አላወርድ ብላ ትነጥፋለች። በጥቂት ቀን ከጥጃው አፍ የተነጠቀው ብርጭቆ የብዙ ወር ወተት ያስቀራል፤ ሻጩ ይህን ትርፍ ብሎ መቍጠሩ ያስደንቃል።

ስለዚህ አላቢው አንዱን ጡት ሳይነካ ለጥጃው ይተውለት፤ ከጠባም በኋላ ጎኑን በእጁ ይዳስስ። የሰረጎደ ሆኖ ካገኘው፥ በዚያ ቀን ለገበያ የሚወጣው ወተት ይቀነስ።