አጥሯ ውኃ የሆነ ገዳም



እንደምታውቁት እኔ የአርቦዬ ልጅ ነኝ። ተማሪ ሳለን ጎንደር ሄደን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቅጥርና 12 ማማዎቹን ቆጥረናል። የሰፈሬን ምሽግ ግን ያየሁት ገና ዘንድሮ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችውን ደብረ ጽዮን ማርያምን።

ግንብ የላትም፤ አጥሯ ውኃው ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ 70 ዓመት ተጠልለዋል። የብራና መጻሕፍትም እስካሁን ተጠብቀውባታል።

አቀበቱን ስንወጣ አንድ የዘይ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። «ልጄ፣ መጻሕፍቱን ጠላት አላገኛቸውም። ቋንቋችንን ግን ልጆቻችን ወደ የብሱ ሲሻገሩ እዚሁ ትተውት ይሄዳሉ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዘይኛ በብራና አልተጻፈም፤ ያለው በእነዚህ ሰዎች አፍ ላይ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የቋንቋ መምህር አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ጋዜጠኛም አለ። የሚቀጥለውን ዓመት መገናኛችንን እዚያ እናድርገው፤ መቅረጫ ይዘን፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን። የጀልባው ሒሳብ በእኔ ይሁን።