ነገረ ድመት



ድመት በየቤታችን የምትኖር፣ ነገር ግን ቤተ ሰብ ትሁን አገልጋይ እስከ ዛሬ በውል ያልተወሰነላት ፍጡር ስለ ሆነች፣ በእርስዋ ላይ የሚሰጠው ፍርድም ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ዳር ያዘነበለ ነው። አንደኛው ወገን ከመኝታው አስገብቶ፣ አፍንጫዋን ካፍንጫው አገናኝቶ፣ ሳትጠራ ከገበታው ስትቀርብ እያየ ደስ ሲለው፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የቤቱ እመቤት ነፍሰ ጡር መሆንዋ በተሰማ ማግሥት ድመቲቱን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሰፈር ጥሏት ይመለሳል። ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁበት ነገር፣ ሁለቱም ወገኖች አደጋውን ከሌለበት ሲፈልጉ ያለበትን ቦታ መዘንጋታቸው ነው፤ ከድመት ሆድ ወጥቶ የሰውን ሥጋ የሚጎዳው ደዌ በአብዛኛው የሚገኘው በገላዋ ላይ ሳይሆን ጥላው በሄደችው ዓይነ ምድር ውስጥ ነውና፤ እርሱም ቢሆን ትኩሱ ሳይሆን የከረመው ነው።

በድመት አንጀት ከሚያድሩት ትሎች መካከል ቀዳሚው፣ ሊቃውንት ቶክሶካራ ካቲ ብለው የሰየሙት፣ እኛ ግን የድመት ወስፋት ብንለው የማንሳሳት፣ ነጣ ያለ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ እንስቲቱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ትል ነው። ይህ ትል የበዛባት ግልገል ድመት ሆድዋ ተነፍቶ፣ ጠጉርዋ ደብዝዞና ቆሞ፣ ጀርባዋ ዐጥንቱ ብቻ ሲቀር ትታያለች፤ ስታስመልስም ከምግቡ ጋር ሁለት ሦስት ትል እርስ በርሱ ተጠማዝዞ፣ አንዳንድ ጊዜም ገና እየተላወሰ ከወለሉ ላይ ይወድቃል። ገና ዓይንዋን በቅጡ ያልገለጠች ግልገል ይህን ሁሉ ከወዴት አመጣችው ያልን እንደ ሆነ፣ እናትዋ በእርግዝናዋ መጨረሻ ተለክፋ ከነበረ የትሉን እጭ ከወተትዋ ጋር ታጠባታለች። ያደገችው ድመት ደግሞ ዕንቁላሉን ከአፈር ትለቅማለች፣ አለዚያም በሥጋው ውስጥ እጭ ያደረበትን አይጥ ወይም ወፍ በልታ ትለከፋለች፤ መንኩሳ እንኳ ዓመልዋን አትረሳም የተባለላት ድመት አደንዋን እስካልተወች ድረስ፣ ወስፋቱም እርስዋን አይተዋትም።

የነገሩ ምሥጢር ያለው ከዕንቁላሉ ላይ ነው። እንስቲቱ ትል በየቀኑ በሺሕ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፤ እያንዳንዱም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ይህ ዕንቁላል ከድመቲቱ በወጣበት ዕለት ጥሬ ነው፤ ቢውጡትም አይለክፍም። ነገር ግን ጥላና ርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሰነበተ እንደ ሆነ በውስጡ እጭ ይበስላል፤ ከዚያ ወዲያ ቅርፊቱ ወፍራም ነውና ዓመታትን ተሻግሮ ሊቆይ ይችላል፣ በረኪናም አይበግረውም፤ የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል። ድመት በተፈጥሮዋ ንጽሕናን የምትወድ ስለ ሆነች ዓይነ ምድርዋን ቆፍራ ትቀብራለች፤ ለመቆፈር ደግሞ ለስላሳ ቦታ ትመርጣለች፤ ለስላሳው ቦታ ከጓሮ ያለው የጎመን መደብ ወይም ለቤት ሥራ ተብሎ ከደጅ የተከመረው አሸዋ ነው። በዚያ አሸዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተቱ የሚውሉት እነማን እንደ ሆኑ፣ አሸዋ አራግፎ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሕፃኑ እጁን ወደ አፉ ሲያደርስ ዕንቁላሉ ከአንጀቱ ይገባል፤ በዚያም ይፈለፈልና እጩ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ከደሙ ይቀላቀላል። የሰው ሆድ ግን ለዚህ ትል የተሠራ ማደሪያ አይደለም፤ ስለዚህ እጩ እንደ ድመቲቱ አንጀት አድጎና ተባዝቶ የሚኖርበት ስፍራ ሳያገኝ፣ በጉበትና በሳንባ ሲንከራተት ይቆያል፤ ከስንት አንዴም ከዓይን ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ አንዳንዱን ግን ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳልና የጉበት ማበጥ ያገኘዋል።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ታወቀ ስሰማ እኔን ያስደነገጠኝ የዓይኑ ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ሄለኖር ካምቤል ዋይልደር የምትባል አሜሪካዊት የዓይን ሕመም መርማሪ፣ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል በሚል ሥጋት ከሕፃናት ተነቅለው ከወጡ ዓይኖች መካከል 46ቱን በአጉሊ መነጽር መርምራ፣ በ24ቱ ውስጥ የትል እጭ አገኘች። ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ ፖል ቢቨርና ጓደኞቹ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ያለ ልክ የበዛባቸውን ሦስት ሕፃናት መርምረው፣ እንዲህ በሰውነት ውስጥ የሚዞረው እጭ የውሻ ወይም የድመት ወስፋት መሆኑን ገለጡ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ኒኮልስ የተባለው ተመራማሪ የዋይልደርን ናሙናዎች እንደገና ተመልክቶ፣ ከዓይኖቹ ውስጥ የነበረው የቶክሶካራ እጭ፣ ይኸውም ለድመቱ ወስፋት የቅርብ ዘመድ የሆነው የውሻው ወስፋት እንደ ነበረ አስረዳ። ዓይን ከወጣ በኋላ የሚገኝ ዕውቀት ለዚያ ሕፃን ምን ይፈይደዋል? ለተከታዮቹ ግን ብዙ ፈይዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላስታውስ ባልፍ በደለኛ እሆናለሁ። ልጃችን ሆዱን ያመመው እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ሰገራው ይመርመርልን ማለት የለመድነው ደግ ልማድ ነው፤ የድመት ወስፋት ግን በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ዕንቁላል አይጥልምና፣ የሰገራው ምርመራ ነጻ ነው ቢባል ስለዚህኛው ትል የሚነግረን ነገር የለም። የሚጠየቀው የደም ምርመራ ነው፤ ለዚህም ሐኪሙ በቤቱ ድመት ወይም ውሻ መኖሩን፣ ልጁም አፈር የመብላት ዓመል እንዳለበት መስማት ይገባዋል፤ ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

አሁን ወደ ነፍሰ ጡሪቱ እንመለስ። እርስዋ የምትፈራው ደዌ ከትል ወገን አይደለም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ከወስፋቱ ጋር ባልተጠበቀ መንገድ ተገናኝቶ ስለ ነበር ጥቂት ልዘግይበት። ይህ ተሕዋስ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በቱኒስ ከተማ በአንዲት የአይጥ ዘር ላይ ከተገኘ ጀምሮ፣ ከእንስሳ ወደ እንስሳ በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ለሊቃውንቱ ረጅም እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ኖረ። በ1965 ዓ.ም. በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ዊልያም ሀቺሰን የተባለው ምሁር ለድመት የተለከፉ አይጦችን አብልቶ፣ ዓይነ ምድርዋን በውሃ ውስጥ 12 ወር አቆይቶ ለሌሎች አይጦች ቢሰጣቸው፣ አይጦቹ ታመሙ። ዓመት ሙሉ በውሃ ውስጥ ሳይሞት የሚቆይ ምን ሊኖር ይችላል ብሎ ቢያስብ፣ ከዚያ ዓይነ ምድር ውስጥ ያን ያህል ጽናት ያለው የወስፋቱ ዕንቁላል ብቻ መስሎ ስለ ታየው፣ ተሕዋሱ በዕንቁላሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይጓዛል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ወስፋት የሌለባቸው ድመቶችም ደዌውን ሲያስተላልፉ በመታየታቸው ፈረሰ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ራሱ ሀቺሰንና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም በአሜሪካ አገር ፍሬንከልና ዱቤ፣ ተሕዋሱ በድመት አንጀት ውስጥ የራሱን ጽኑ ቅንጣት ሠርቶ እንደሚወጣ አረጋገጡ። የራሱን ሐሳብ አፍርሶ እውነቱን ከሌሎች ጋር ያገኘ ሊቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመጀመሪያው ትክክል ከነበረው ይልቅ ሊከበር ይገባዋል።

ይህም ቅንጣት ቢሆን በወጣበት ሰዓት አይለክፍም። ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ድመትም ይህን የምታወጣው ብዙውን ጊዜ በሕይወትዋ አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ በተለከፈች ሰሞን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ፅንሱ የሚጎዳው በአብዛኛው እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወራት የተለከፈች እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ውርጃን ወይም የሕፃኑን አንጎልና ዓይን መጎዳት ሊያስከትል ስለሚችል ነገሩ እንደ ቀላል አይታይም። እንግዲህ የድመቲቱን የአሸዋ ሣጥን በየቀኑ የሚጠርግ ሌላ ሰው ካለ፣ ነፍሰ ጡሪቱም የጓሮ አትክልት ስትነካ ጓንት ካጠለቀች፣ ጎመኑንና ሰላጣውንም አጥርታ ካጠበች፣ ድመቲቱን በጆንያ ማጋዝ ምን አመጣው? ይልቁንስ እኔን የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም፣ ድመቲቱን ካባረረ በኋላ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ለክትፎ የሚጋብዘው አባወራ ነው፤ ይኸው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋ ውስጥም ያድራልና፣ በዚያ ቤት ድመቲቱ ያለ ጥፋትዋ ተፈርዶባታል።

ስለ ጥሬ ሥጋ ካነሣን፣ ኮሶ ሲጠጣ ያየ ኢትዮጵያዊ ስለ ትል ባዕድ አይደለም። ድመትም ኮሶ መሰል ትል አላት፤ ቁራጩ የሩዝ ፍሬ መስሎ ከጅራትዋ ሥር ካለው ጠጉር ላይ ተጣብቆ ወይም ከምትተኛበት ጨርቅ ላይ ደርቆ ይገኛል። እርሱ ግን የሚተላለፈው በቁንጫ ነው፤ ድመቲቱ ስትላስ ቁንጫውን ትውጠዋለች፣ ሕፃንም ሳያውቅ ቁንጫ ካልዋጠ በስተቀር አይያዝም፤ ቢያዝም መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ እጩ ከርጥብ አፈር ላይ ሆኖ የባዶ እግርን ቆዳ የሚበሳ ስለ ሆነ፣ በተለይ በሞቃት አገር ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው በቆዳው ላይ የሚያሳክክ ጠመዝማዛ መስመር ያወጣበታል፤ ጫማ ላደረገ ሰው ግን ብዙ የሚያሠጋ አይደለም።

ለድመቲቱ የሚሆነውን መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ተቀበሉ እንጂ፣ ለራሳችሁ የታዘዘውን የትል ክኒን ከፍላችሁ አትስጡአት። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ በመልካም አሳብ ድመታቸውን የገደሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ግልገሎች ከተወለዱ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጡት ጥለው ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ፣ እናታቸውም አብራ፣ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ አይጥ እያደነች ውጭ የምትውል ድመት ደግሞ በየሦስት ወሩ ብትወስድ ይበጃል። ጠጉርዋን መዳሰስን ግን አትፍሩ፤ በጠጉርዋ ላይ ዕንቁላል ቢገኝ እንኳ የበሰለ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፣ ከዳሰሱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብም ይበቃል።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ከደጃችሁ የተከመረ አሸዋ ያላችሁ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ሸራ አልብሱት፤ በጓሮም የድመት ዓይነ ምድር ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ሳይከርም በአካፋ አንሥታችሁ ጣሉት።