አጥቂዎቻችንን በምን እንምረጥ?

(በመቱ ካምፓስ የተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ በስፖርት ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



የፊታችን ቅዳሜ ከበደሌ ካምፓስ ጓደኞቻችን ጋር ለምናደርገው የእግር ኳስ ግጥሚያ በረኛውና ተከላካዮቹ ከተመረጡ ሰንብተዋል። በእነርሱ ላይ ያጉረመረመ የለም። ክርክሩ ሁሉ የተነሣው በአጥቂዎቹ ላይ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በምግብ አዳራሹ ሰልፍም ሆነ በመኝታ ክፍሎች ሌላ ወሬ አልተሰማም። ኮሚቴው አሳቡን በጓዳ ከሚይዝ በአደባባይ ይናገር ስለተባልን፣ እነሆ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ስለ ሜዳው። ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ አሁን ደግሞ ግንቦት ነው። የጧት ፀሐይ አይቶ ጃንጥላውን ትቶ የሚወጣ ተማሪ አንደኛ ዓመት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ጨዋታው የሚጀመረው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ዝናቡም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚያው አካባቢ ነው። ሜዳችንን ልብ ብሎ ያየ ሰው እንደሚያውቀው መሐሉና የግቡ አፍ ሣሩ ተረግጦ አልቋል፤ ሲዘንብ ጭቃ ይሆናል፤ ውኃም ይቋጥራል። መሬት ለመሬት የተቀበለች ኳስ እዚያ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዳርና ዳሩ ግን ገና ሣር አለው፤ ኳስም ይሮጥበታል። እንግዲህ አጥቂ ስንመርጥ «ማን ጎበዝ ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «በየትኛው የሜዳ ክፍል፣ በስንት ሰዓት ላይ ጎበዝ ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ይህን የምንለው ሁላችሁም ስለምትወዱት ስለ ሰባት ቁጥራችን ነው። አብዶ ሲሠራ ተመልካቹ ምሳውን ይረሳል፤ እኛም እንረሳለን። ብዙዎቻችሁ በመሐል አጥቂነት ይሰለፍ ብላችኋል። ነገር ግን አብዶ የሚሠራው ኳሷ ስትታዘዝ ነው። በጭቃ ውስጥ ሁለት ሰው ካለፈ በኋላ ኳሷን ከኋላው ትቷት ይሄዳል። ስለዚህ በቀኝ ክንፍ፣ ሣሩ ላይ፣ ሜዳው ሳይረጥብ በመጀመሪያው አጋማሽ እንዲጫወት ቈርጠናል። ዛሬ የጨዋታው ሕግ እስከ አምስት ተቀያሪ ስለሚፈቅድ፣ ከዕረፍት በኋላ ቢቀየር እንደ ቅጣት አይቈጠርበት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አንድ ብርቱ ሰው ይበቃል፤ ለእርሱ አቀብሉ» ብለው የካርቱምን ፍጻሜ ጠቅሰውብናል። እውነት ነው፤ በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለው አንድ ሰው ነበረ። እኛ ግን አድ ዲባ የለንም። አለን የምትሉ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ብታሳዩን ደስ ይለናል።

ለእኛ የሚቀርበን ምሳሌ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ነው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በዚያ ፍጻሜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅ፣ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ አማካይነት ቀደመች። የእኛዎቹ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ሲታገሉ ቈይተው ግርማ ተክሌ አገባ። ጭብጨባው ሳያበቃ፣ በ75ኛው፣ በደዊ እንደገና አገባ። እዚህ ላይ ወኔው የማይከዳው ሰው ጥቂት ነው። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ። አራት ግብ፣ አራት ሰው። ተከላካይ ሉቺያኖን ብቻ ይዞ ልትረፍ ቢል ግርማ አለ፤ ግርማን ቢይዝ መንግሥቱ አለ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ለመናገር የሚከብድ ነገር አለ። ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ አጥቂ ይግባ የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤ ያልጻፉት ደግሞ በቃል «ይኸኛው የየት አገር ልጅ ነው?» እያሉ ቈጥረዋል። ቫሳሎዎቹ የአሥመራ ልጆች፣ ያውም የአንድ ቤት ወንድማማቾች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይገባም፣ ለሌላውም ይዳረስ ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወይ የ84ኛው ደቂቃ ግብ አልነበረም፣ ወይ የ101ኛው አልነበረም። ዋንጫውም የት ይሄድ እንደነበር እናንተው ገምቱት። ደብዳቤውን የጻፉትን ጓደኞቻችንን እናከብራለን፤ ጥያቄያቸውን ግን አልተቀበልነውም። ለኮሚቴ አባልነት ከየክፍሉ አንድ ሰው መምረጥ ተገቢ ነው፤ ለግብ አፍ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ውሳኔያችን የሚከተለው ነው። በቀኝ ክንፍ፣ እንዳልነው፣ ሰባት ቁጥር። በግራ ክንፍ ሮጦ የማይደክመውና ኳስን ከፍ አድርጎ ወደ ግብ አፍ የሚያሻግረው የሦስተኛ ዓመቱ ልጅ። በመሐል አጥቂነት ረጅሙ ጓደኛችን ይሰለፋል፤ አጨዋወቱ አያምርም ብላችሁ ስቃችሁበታል፤ ነገር ግን የተሻገረችለትን ኳስ በግንባሩ ይገጫል፤ ጭቃም ለግንባር ምንም አያደርገውም። ከእርሱ ኋላ ከሩቅ አክርሮ የሚለጋውን አቁመናል፤ የረጠበች ኳስ ከበረኛ እጅ ስለምታመልጥ፣ እርሱ በለጋ ቍጥር ረጅሙ ወደፊት ይሩጥ። ፍጹም ቅጣት ምትም የሚመታው ይኸው ሰው ነው፤ ሜዳ ላይ ክርክር አይነሣ። ከዕረፍት በኋላ ዝናብ ከጣለ በሰባት ቁጥር ፈንታ ጉልበተኛው አሥራ አራት ቁጥር ይገባል። ካልጣለ ሰባት ቁጥር እስከ መጨረሻው ይቈያል፤ እኛም እንደ እናንተ ሰማዩን እያየን እንጸልያለን።

የስም ዝርዝሩ ዓርብ ጧት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ልምምድ ነገ በ11 ሰዓት ነው፤ ቢዘንብም አይቀርም፤ እንዲያውም ቢዘንብ እንመርጣለን። ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ያላችሁ፣ ባትጫወቱም፣ ለቅዳሜ ብታውሱን ታጥቦ ይመለስላችኋል። በተለይ 43 ቁጥር በጣም ቸግሮናል።