ካርድ ክፍሉን ሳንጠይቅ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ዲጂታል ለውጥ ተናገሪ» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ስልኬ ሲበላሽ እንኳ ለልጄ ነው የምሰጣት። ነገር ግን የምሠራበት ሆስፒታል የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሲያስገባ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርኩ። ስለ ስኬቱ ረጅም ሪፖርት ጽፌያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍኩትን ነው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ባለው ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ የትራንስፎርሜሽን አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ጣጣው የመጣው እኛ ቤት ሲደርስ ነው። ኮምፒዩተሮቹ መጡ፤ ሞዴል 19 አልተቆረጠላቸውም ተብሎ ለወራት ንብረት ክፍል ተቆለፈባቸው። አይሲቲ «ሰርቨሩ የኔ ነው» አለ፤ ዕቅድ ክፍል «መረጃው የኔ ነው» አለ፤ ፋርማሲ የራሱን ሶፍትዌር አልለቅም አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ አስኪያጅ ተቀያየረ። እያንዳንዱ የበፊቱን ኮሚቴ አፍርሶ አዲስ አቋቋመ፤ እኔን ግን ሦስቱም ሰብሳቢ አድርገው አስቀሩኝ። ለምን? ማንንም ስለማላስቀይም። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ታወቀ፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ሥራው በዚያው ቀን ይጀመር ተባለ። ካርድ ክፍሉን የጠራነው ከዚያ በፊት በነበረው የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ጋሼ መጡ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና እጃቸውን አወጡ። «ዶክተር፣ ስም ሲፈለግ ፊደሉ እንዴት ሊሆን ነው? ፀሐይን ብቻ ሰው ስንት ዓይነት አድርጎ ይጽፋታል!» ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። እኔም «ጋሼ፣ እሱን የአይሲቲ ልጆች ያዩታል» ብዬ አለፍኳቸው። ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳ አልሰፈረም።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት፣ አንዲት ወጣት በሳምባ ምች ታማ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ለዛሬ ፀሐይ እንበላት። የካርድ ቁጥሯን ቤት ረስታዋለች። መዝጋቢው ስሟን ቢፈልግ የለም፤ አዲስ ቁጥር ከፈተላት። እኔም ስክሪኑን ከፈትኩ፤ የአለርጂው ሳጥን ባዶ ነው። ባዶ ማለት «የለም» መሰለኝ፤ ሳልጠይቃት አምፒሲሊን አዘዝኩ። ነርሷ መርፌውን ይዛ እንደ ልማዷ «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ስትላት፣ አጠገቧ የቆመችው እህቷ ጮኸች። «ፔኒሲሊን ተወግታ ሞታ ነው የተነሣችው!»

ልጅቷ ተርፋለች፤ ያተረፋት ግን ኮምፒዩተሩም እኔም አይደለንም። የነርሷ ልማድ ነው።

ጠዋት ስብሰባ ተቀመጥን። አይሲቲ በአቅራቢው፣ አቅራቢው በመዝጋቢው፣ ሁሉም በሁሉም አመካኘ። ጋሼ ወጥተው ከአሥር ደቂቃ በኋላ አሮጌውን ካርድ ይዘው ተመለሱ። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን ክልክል» ተብሎ ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ውስጥም ገብቶ ነበር፤ ግን በጸሎቱ ጸ፣ «ጸሐይ» ተብሎ። ሌሊት የተፈለገችው «ፀሀይ» ተብላ ነው። ሁለቱን ጸ ከሦስቱ ሀ ጋር ብናዛምድ ብቻ ስሟ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ጋሼ በወረቀት ማውጫቸው ስድስቱንም አንድ ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ያንን ነበር ሊነግሩኝ የሞከሩት።

በማግስቱ ካርድ ክፍል ገብቼ ሁለት ቀን ዋልኩ። ሌላም ጉድ አገኘን። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። በ2010 የተወለደ ሕፃን ዓመቱ እንዳለ ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። የልጅ መድኃኒት መጠን ለምታዙ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ «ይህ ሳይስተካከል ወደ ሌላ ዋርድ አንሄድም» አልኩ። ሪፖርቱ ለበላይ ሊላክ ነበርና ተቆጣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ፤ እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ። ስድስት ሳምንት ቆምን። ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ተደረገ፤ የእናት ስምና ስልክ ተጨመረ፤ የእኛ አቆጣጠር ገባ። የአለርጂው ሳጥን ሳይሞላ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። ጋሼም የኮሚቴ አባል ሆኑ፤ እሳቸው ሳይፈርሙ አዲስ ክፍል አይጀምርም ተባለ። ይህን በሥራ አስኪያጁ ቃል ሳይሆን በማኔጅመንት ውሳኔ አስፈረምነው። አራተኛው ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ያተረፈን እሱ ነው።

የሚያሳፍረኝ ይህን ጎንደር አስተምሮኝ የነበረ መሆኑ ነው። ኮሌጃችን በ1947 ሲከፈት ጀምሮ የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና ሳኒቴሪያኑን ለአንድ ቡድን ነው ያሠለጠነው። እኛም ቲቲፒ ወጥተን አንድ ቤት አድረን፣ አንድ ሽሮ በልተን፣ የሳኒቴሽን ተማሪው ስለ ጉድጓድ ውኃ ሲናገር ዝም ብለን አዳምጠናል። ዶክተር ስባል ነው የረሳሁት።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ናችሁ፤ ያልገባችሁም ትገባላችሁ። የቢሮ ሽኩቻውን ማስቀረት አትችሉም፤ እኔም አልቻልኩም። ግን ሶፍትዌሩ ከመመረጡ በፊት አንድ ቀን ከአንድ ታካሚ ጋር ከበር እስከ ፋርማሲ ተሰለፉ። መብራት ሲጠፋ በምን እንደምትሠሩ በወረቀት አዘጋጁ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ጥግ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሰዓት አትዩ።

ጋሼ አምና ጡረታ ወጥተዋል። በሽኝታቸው ዕለት በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «ዋናው መዳኗ ነው፣ ዶክተር» አሉኝ።